ማክሰኞ ይነሳሉ

ማክሰኞ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ የሌሊቱ ካፊያ ያረሰረሰው የሮቢ ወንዝ አሸዋ ገና ሳይደርቅ፣ ጀይላን አንዲት አህያ እየነዳ ከትልቁ ሾላ ሥር ደረሰ።

ማንም አልነበረም።

አህያይቱን አቆመ። በአንድ ጎኗ ባለ ሦስት እግሩ መቆሚያ፣ በሌላው በብርድ ልብስ የተጠቀለለው የፎቶግራፍ ሣጥን ተጭኗል። ምስል የሚቀበለውን መስታወት ግን ለአህያ አላመነም፤ በጥቁር ጨርቅ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አስሮታል። አንድ መስታወት ነው። ሌላ የለውም።

ከሾላው ሥር የምድጃ ድንጋዮች ሦስት ሦስት ሆነው ተጎልተዋል። አመዱ ቀዝቅዟል። የጭራሮ ጎጆዎቹ ክዳን ተገፎ ተወስዷል። አሸዋው ላይ ካፊያው የበሳሳው ብዙ ትንንሽ የእግር ዳና ወደ ምሥራቅ ይሄዳል።

«እትዬ ራቢዓ!» ብሎ ተጣራ። ከወንዙ ማዶ ጦጣ ጮኸ፤ ሌላ የመለሰለት የለም።

ከስምንት ቀን በፊት በዚሁ ሾላ ሥር ሠላሳ አንድ ልጆች ቆጥሮ ነበር። ከዳገቱ ላይ ከተቃጠሉት መንደሮች የወረዱ፣ እናትና አባታቸው የሞቱባቸው ወይም የጠፉባቸው ናቸው። ሰብስባ የያዘቻቸው ራቢዓ ከመካከላቸው አንዱንም አልወለደችም። ባሏ ተገድሎባታል፤ እሳቱ ከቤቷ ያስተረፈላት አንድ ድስት ነው። በዚያ ድስት ሠላሳ አንድ አፍ ታበላለች። ጣሊያን ከገባ ሦስተኛው መስከረም እያለቀ ነበር፤ በይፋት ቆላ ደግሞ መስከረም ሲያልቅ፣ ጅረቱ ጎድሎ ኩሬው ሲረጋ፣ ንዳድ ይገባል። ንዳድን የቆላ ሰው ያውቀዋል፣ ይፈራዋል፣ ተኝቶ ያሳልፈዋል። የደጋ ልጅ ግን ባዶ ሆዱን ከያዘው አይለቀውም።

ጀይላን ያየውን ይዞ አጣዬ ወጥቶ ነበር፤ ሐጂ ቃሲም ዘንድ። የአጣዬና የማጀቴ ነጋዴ ለተቸገረ ሰው ያዋጣው እህል የሚቀመጠው በሐጂ ቃሲም ጎተራ ነው። የዚያን ቀን አራት ግመል የሚጭን ማሽላ በጎተራው ነበር።

«ማሽላው አለ» አሉ ሐጂ። «የኔ ግን አይደለም። አማና ነው፤ የሰው አደራ።»

«ልጆቹ እየራባቸው ነው ሐጂ።»

«አምና አንድ ሰው መጣ። አርባ የቲም ልጅ ሰብስቤአለሁ አለ። ወረቀት ይዟል፤ ወረቀቱ ላይ አርባ የጣት አሻራ ታትሟል። መዝኜ ሰጠሁት። በሳምንቱ ያን ማሽላ ማጀቴ ገበያ ላይ ሲሰፈር አገኘሁት። ለካስ አሥሩን ጣቱን አራት አራት ጊዜ አትሞ ኖሯል!»

በደጃፉ የተቀመጡት ሳቁ። ሐጂ አልሳቁም።

«ታዲያ እኔ ምን ላምጣ?»

«ዓይን ያለው ሣጥን አለህ ይላሉ። በሣጥንህ አድርገህ ልጆቹን አምጣልኝ። እኔ ልቁጠራቸው፣ ያዋጣውም ሰው ይቁጠራቸው። ግመሎቹን የተከራየሁት እስከ ቅዳሜ ሳምንት ቀትር ነው፤ ከዚያ በኋላ ባለቤቶቻቸው ጨው ሊጭኑ ይወርዳሉ፤ የሚመለሱበትን አላህ ያውቃል።»

የሐጂ ባለቤት ናፊሳ ከመጋረጃው ኋላ ሆነው ይሰሙ ነበር። «ስንት ናቸው አልክ ልጄ?»

«ሠላሳ አንድ።»

«አስለምኜ ያገኘሁት የንዳድ ኪኒን አለኝ። በሠላሳ አንድ ቦታ እቋጥረዋለሁ፤ በግርግር እንዳይባክን ለእያንዳንዱ አንድ ቋጠሮ ይድረሰው።»

ጀይላን ደስ ብሎት ወረደ። ደስታው ሸዋ ሮቢት እስኪገባ ቆየ። መስታወት የሚገኘው ከጣሊያኑ የመንገድ ሥራ ቢሮ ብቻ ነው። እሱ ሙያውን አዲስ አበባ ከአንድ አርመን ተምሮ፣ አሁን ለመንገድ ሠራተኞች የይለፍ ወረቀት ምስል ያነሳል። ቢሮው መስታወቱን በቁጥር ይሰጠዋል፣ በቁጥር ይቀበለዋል። አንድ ቀን ጸሐፊው ለምሳ ሲወጣ ሁለት ሠራተኞች ጎን ለጎን አቁሞ በአንድ መስታወት አነሳቸውና ወረቀቱን ለሁለት ቆረጠው፤ የተረፈችውን መስታወት በጉያው ይዞ ወጣ። ለማክሰኞ ፈቃድ ጠየቀ። እሑድ ዕለት ደግሞ ወደ ወንዙ የሚወርደውን አህያ ነጂ አሊዪን ጠርቶ መልእክት ላከ፦ «ለእትዬ ራቢዓ ማክሰኞ ልጆቹ ይነሳሉ በላት። ታጥበው፣ ተሰልፈው ይጠብቁኝ።»

አሁን ማክሰኞ ነው።

«ማንን ነው የምትጣራው አንተ?»

ዞሮ አየ። እማማ ትርንጎ ናቸው፤ ከወንዙ ዳር በርበሬና ሽንኩርት እያጠጡ የሚኖሩ አሮጊት። መኮትኮቻቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል።

«ልጆቹን ነው እማማ። የት ሄዱ?»

«ተነሱ።»

«ወዴት?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ? ማክሰኞ ይነሳሉ ብለህ የላክህባቸው አንተ! አሁን መጥተህ ወዴት ትላለህ?»

ጀይላን የአህያይቱን ገመድ ለቀቀ።

«ሰኞ ቀትር ላይ ነው የሄዱት» አሉ ትርንጎ። «አንድ ቀን እንኳ ቆዩ፣ ትኩሳት የያዛቸው አሉ፣ ብዬ ለመንኳት። ‹ያኔ ተነሱ ሲሉን ዕቃ እንሰብስብ ብለን ነው እሳቱ የደረሰብን፤ አሁን ቀድመን እንነሳለን› አለችኝ። ሕፃናቱን በነጠላ እያዘለች፣ እያወረደች፣ ሌላውን እያዘለች ሄደች።»

«እማማ፣ እኔ እኮ ፎቶግራፍ ይነሳሉ ማለቴ ነው!»

«ፎቶ ምን?»

«ምስላቸውን። መልካቸውን። በዚህ ሣጥን!»

አሮጊቷ ሣጥኑን አዩት፤ እሱን አዩት። «እሱን ማንሳት ትለዋለህ? ሰውየው ካለበት ሳይነቃነቅ?»

«ቃሉ እሱ ነው እማማ! ሁሉም የሚለው እንዲያ ነው!»

«ማነው ሁሉም? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ልጄ» አሉና ወደ በርበሬያቸው ተመለሱ።

ጀይላን አህያይቱን ወደ ዳናው አዞራት። ቃሉን ያመጣው ከአዲስ አበባ ነው። እዚያ ሰው አምሮ፣ ሹሩባ ተሠርቶ፣ ዋጋ ከፍሎ ይነሳል። እዚህ ቆላ የሚነሳው ሸክም ነው፤ ሬሳ ነው፤ በትእዛዝ ከሆነም መንደር ነው። ሦስት ዓመት እዚህ ኖሮ ይህን ሳያውቅ መቅረቱ አንገበገበው። አህያይቱን በማያውቀው ንዴት መታት፤ ከዚያም አፈረ።

አሊዪን ያገኘው ዳናውን ተከትሎ አዲሱን የመኪና መንገድ ሲያቋርጥ ነው። ሦስት አህዮች አሞሌ ጭኖ እያፏጨ ይመጣል።

«አሊዪ! ምን ብለህ ነው የነገርካት?»

«ያልከኝን ነዋ! ማክሰኞ ይነሳሉ አልክ፣ ማክሰኞ ይነሳሉ አልኩ። ከራሴ አንድ ቃል ብጨምር ምላሴ ይቆረጥ።»

«ታጥበው ይጠብቁኝስ?»

«እሱን ተውኩት።»

«ለምን ተውከው?»

«አየህ፣ የሚባረርን ሰው ታጠብ ማለት ነውር መሰለኝ።»

«ነውር መሰለህ። ነገሩ ካልገባህ መልሰህ አትጠይቀኝም ነበር?»

«የቢሮ ሰው ይጠየቃል እንዴ?»

«እኔ የቢሮ ሰው ነኝ?»

አሊዪ ፉጨቱን ትቶ መንገዱን አየ። «ሰዉ የሚያይህ እዚያ በር ላይ ነው ጀይላን። እኔም የማይህ እዚያው ነው።» ከአህያው ላይ የውኃ ቅሉን ፈትቶ ሰጠው። «የራቢዓ የአባቷ ዘመዶች ከብት የሚያጠጡት ከታች ከኩሬው ነው። ወደዚያ ሳይሄዱ አይቀሩም። ውኃ ያዝ። ስድቡን ስትመለስ ትጨርስልኛለህ።»

ኩሬው። በመስከረም መጨረሻ ወደ ኩሬ! ጀይላን ቅሉን ተቀብሎ ሳያመሰግን ሄደ።

ሙሉ ቀን ተጓዘ። ዳናው በጥቁሩ አፈር ላይ ይታያል፣ በጭንጫው ላይ ይጠፋል። የጠፋ ጊዜ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ይዞራል፣ ይፈልጋል። አንድ ቦታ ላይ ከእሾህ ቁጥቋጦ የተንጠለጠለ የጨርቅ ቁራጭ አገኘ። ረቡዕ ጧት ቢሮው በር ላይ የመንገድ ሠራተኞች ተሰልፈው እየጠበቁት እንደሆነ፣ ጸሐፊውም ስሙን እየጠራ እንደሚሳደብ አሰበ። ስለ እሱ ግድ አልነበረውም። ግድ የነበረው ቅዳሜ ነው።

ረቡዕ ቀትር ላይ ደረሰባቸው። ልጆቹ ሣጥን የጫነች አህያ ሲያዩ እንደ ቆቅ ጫጩት በግራሩ ሥር ተበታተኑ። ራቢዓ ብቻዋን ቆማ ጠበቀችው፤ በእጇ ዱላ ይዛለች።

«ከዚህም ልታነሳን መጣህ?»

«እትዬ ራቢዓ፣ ስሚኝ…»

«ያነሳኸን ይበቃል። ከዚህ ወዲያ ያለው በረሃ ነው።»

ሣጥኑን አወረደ። መቆሚያውን ዘረጋ። ስለ ሐጂ፣ ስለ አራቱ ግመል፣ ስለ ኪኒኑ፣ ስለ አሥሩ ጣት ነገራት። ቃሉን ምን ለማለት እንደተጠቀመበት ነገራት። እሷ ዓይኗን ከሣጥኑ ሳትነቅል ሰማችው።

«ማንሳት ያልከው ይሄንን ነው?»

«ይሄንን ነው።»

«ሌላ ቃል አልነበረህም?»

የሣጥኑን አቧራ በእጅጌው ጠረገ።

«ኑ ውጡ» ብላ ልጆቹን ጠራች። አንድ በአንድ ወጥተው ተሰለፉ። ጀይላን በልማድ ቆጠራቸው፤ ደግሞ ቆጠራቸው።

«ሌሎቹ የት አሉ?»

በአገጯ አሳየችው። ከግራሩ ወዲያ አፈሩ በአራት ቦታ ከፍ ብሏል፤ ጅብ እንዳይቆፍረው ድንጋይ ተጭኖበታል። «አንዱ ሰኞ ማታ መንገድ ላይ አረፈ፤ ተሸክሜው መጣሁ። ሁለቱ ትናንት ነው። ሦስቱም ስንነሳ ትኩሳት ነበረባቸው። ዛሬ ጧት የቀበርኳት ግን ደህና ነበረች። ስትሮጥ ነው የመጣችው።»

ጀይላን ተቀመጠ። ራቢዓ አላለቀሰችም፤ እሱም ለማልቀስ አልደፈረም። ከዚያ ያሰበው ነገር እጅግ አሳፈረው፤ ቢሆንም አሰበው፤ ሃያ ሰባት ብቻ ቀሩ። ሐጂ ዘንድ የተናገረው ሠላሳ አንድ ነው። ሐጂ ይቆጥራሉ። ያዋጣውም ሰው ይቆጥራል።

ከኩሬው ማዶ ፍየል የሚጠብቁ አራት ልጆች ቆመው ሣጥኑን ይመለከቱ ነበር።

ራቢዓ አየቻቸው፤ እሱንም አየችው። «ጥራቸው» አለች።

«እትዬ…»

«አራት ናቸው አይደል? የሚሞላ ከሆነ ጥራቸው። ወንጀሉ በኔ ላይ ይሁን።»

ጠራቸው። እየሳቁ መጥተው ከሰልፉ ጫፍ ቆሙ። ጀይላን ራሱን በሣጥኑ መሸፈኛ ጨርቅ ሥር አስገባ። በሣጥኑ ጀርባ ባለው ደብዛዛ መስታወት ላይ ዓለም የተዘቀዘቀች ናት፦ ሃያ ሰባቱ ልጆች እግራቸው ወደ ላይ፣ ራሳቸው ወደ ታች ሆኖ ከመሬት ተንጠልጥለዋል። በጫፍ ያሉት አራቱ ግን ጉንጫቸው ሞልቷል፤ በፀጉራቸው ላይ ቅቤ ያብረቀርቃል። አሥሩ ጣት፣ አራት አራት ጊዜ፣ ታየው።

ከጨርቁ ወጣ። «እናንተ ሂዱ» አላቸው እረኞቹን።

«ምን ሆንክ?» አለች ራቢዓ።

«አይሆንም። ሐጂ ይለዩአቸዋል።»

«ባይለዩአቸውስ?»

«ባይለዩአቸውም አይሆንም።»

ዱላዋን መሬት ላይ ወረወረችው። «በተሳሳተ ቃልህ አራት ልጅ ቀበርኩ! አሁን ደግሞ በእውነትህ ሃያ ሰባቱን ላስርብልህ? ለኔ ሲሆን ነው እውነት የምትወደው?»

ጀይላን የምትለው ሁሉ ልክ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ሆኖም እጁ እረኞቹን መልሶ ሊጠራ አልታዘዘውም። መስታወቷን ከደረቱ ፈትቶ፣ ብርሃን ሳያገኛት፣ በመሸፈኛው ጨርቅ ሥር ሣጥኑ ውስጥ አስገባ። «አትነቃነቁ» አለ። ልጆቹ አልተነቃነቁም፤ ለመነቃነቅ የሚሆን ጉልበትም አልነበራቸው። ራቢዓ ፊቷን አዙራ ቆመች። የሣጥኑን ዓይን ክዳን ከፈተ፣ በልቡ እስከ ሦስት ቆጠረ፣ ዘጋው።

ሐሙስ ቀትር ላይ ሸዋ ሮቢት ገባ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ደፍኖ መስታወቷን አጠበ፤ ምስሉ ወጣ። በወረቀት ላይ ለማተም ግን የፀሐይ ብርሃን ያስፈልጋል። ወረቀቱን ከመስታወቷ ጋር አጣብቆ ደጅ ሲያወጣው ፀሐይ ከምዕራቡ ተራራ ጀርባ ገብታለች። ሸዋ ሮቢት ከተራራው ግርጌ ናት፤ ሌላው አገር ገና ቀን ሳለ እዚህ ጥላ ይወርዳል። ጀይላን በተራራው ላይ ተናደደ። ዓርብ ጧት ደመና ሆነ። በደመናው ላይ ተናደደ። ሦስት ሰዓት ላይ ደመናው ተገልጦ ወረቀቱ ቀስ በቀስ ጠቆረ፤ ሃያ ሰባት ፊትና አንድ የዞረ ጀርባ ታየ። በቅሎ ተከራይቶ እያስጋለበ ወጣ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አጣዬ ሲደርስ ግመሎቹ ከሐጂ ደጅ ተንበርክከው ነበር። ባዷቸውን ናቸው። ግመለኞቹ ቀትርን እየጠበቁ ገመዳቸውን ይጠመጥማሉ። ያዋጣው ሰው በደጃፉ ተሰብስቧል።

ሐጂ ምስሉን ተቀብለው ወደ ብርሃን አወጡት። ከመጥረጊያ ላይ አንድ ጭራሮ መዘው እያንዳንዱን ፊት በጫፏ እየነኩ ቆጠሩ። ሲጨርሱ እንደገና ከግራ ጀመሩ።

«ሃያ ሰባት» አሉ።

«አዎ ሐጂ።»

«ሠላሳ አንድ ነበር ያልከው።»

«አራቱ ሞቱ።»

ጉምጉምታ ተነሳ። «ለመሞታቸው ምስክሩ ማነው?» አለ አንዱ። «የሞቱትንስ ለምን አላነሳሃቸውም?» አለ ሌላው፤ ይህን ያለው ለቀልድ ነበር፤ የሳቀለት ግን አልነበረም።

ሐጂ ቃሲም ምስሉን ከዓይናቸው አላራቁም። «ይህች ጀርባዋን የሰጠችን ማን ናት?»

«ራቢዓ ናት። ተቆጥታኝ ነው።»

«ምን አድርገሃት?»

ጀይላን ነገራቸው። ቃሉንም፣ አሊዪንም፣ እረኞቹንም። ሰው ሁሉ እየሰማው ነገራቸው። ሲጨርስ ሐጂ ጭራሮዋን ሰበሩና ጣሏት።

«ሊያታልለኝ የመጣ ቢሆን ሠላሳ አንድ ያመጣልኝ ነበር። ጫኑ!»

ጎተራው ተከፈተ። ስልቻው እየወጣ ተጫነ። ግመለኞቹ «ተነስ! ተነስ!» እያሉ ግመሎቹን ሲያስነሱ፣ ቃሉን በሰማ ቁጥር ጀይላን ጥርሱን ነከሰ። ሰዎች ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፤ «በርታ፣ አላህ ይቀበልህ» አሉት። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። በሆዱ ያለው ግን ሌላ ነው፤ ከሐጂ ፊት ቆሞ አወጣው።

«ያኔ ስነግርዎት ቢያምኑኝ ኖሮ ሐጂ፣ መስታወትም፣ መልእክትም፣ ማንሳትም አያስፈልግም ነበር።»

ለሐጂ እንዲህ የሚናገር አልነበረም።

«አዎ» አሉ ሐጂ። «እኔም እሱን እያሰብኩ ነው።»

ናፊሳ በጨርቅ የተሸፈነ ትንሽ ሙዳይ ይዘው ወጡ። ኪኒኑ በውስጡ ነው፤ እንዳሉት ከነጭ አቡጀዲ በተቀደደ እራፊ፣ በቀይ ክር፣ አንድ በአንድ ቋጥረውታል። ስለ ቁጥሩ ሰምተዋል። ሙዳዩን እንዳለ ሰጡት።

ሰኞ ቀትር ላይ ግመሎቹ ከኩሬው ዳር ተንበረከኩ። ልጆቹ በዚህ ጊዜ አልሸሹም። ራቢዓ ለጀይላን ሰላምታ አልሰጠችም፤ ማሽላው ሲራገፍ ግን አብራው ተሸከመች። ከዚያ ልጆቹን በግራሩ ጥላ ሥር አስቀምጣ ሙዳዩን ተቀበለችው፤ ለእያንዳንዱ በመዳፉ አንድ ቋጠሮ አስቀመጠች።

አራት ቋጠሮ ተረፈ።